ጊዜያቸው ያለፈ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚወጡበት መንገድ

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ

ጉዳዩ፦ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በጤና ተቋምና በቤት ስለሚቀመጡበትና ስለሚወገዱበት ሁኔታ

ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ከባድ ሕመምን የሚያስታግሱ፣ የሚጥል በሽታን የሚገቱ ወይም ለቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉ ሆነው፣ ከታዘዘው ውጭ ሲወሰዱ ግን ሱስ የሚያስይዙ ወይም ትንፋሽ የሚያዳክሙ ናቸው። በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ኮዴይን ናርኮቲክ ሲባሉ፣ ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ደግሞ ሳይኮትሮፒክ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ሁለተኛዎቹ በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይገዛሉ፤ ኢትዮጵያም የሁለቱ ስምምነቶች አባል ናት። በአገር ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ያለፈቃድ ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከእነዚህ ሁሉ በብዛት ሰው እጅ የሚገባው ፌኖባርቢታል ነው። ሞርፊንና ፔቲዲን በአብዛኛው የሚያስፈልጉት ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ቦታ፣ ማለትም እንደ መሐል ሜዳ ሆስፒታልና ዓለም ከተማ እንዳለው እናት ሆስፒታል ባሉ ተቋማት ነው። ፌኖባርቢታል ግን ርካሽ የሆነ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ የሚደርስና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለዓመታት በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ነው። በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የታወቀ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። ደጋው ላይ ቁጥሩ ከዚህ ብዙ ባይርቅ፣ 100,000 ነዋሪ ባለው አንድ ወረዳ 500 ያህል ሰው መድኃኒቱ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት በአብዛኛው የሚያድረው በተቆለፈ የሆስፒታል ካዝና ውስጥ ሳይሆን በገበሬ ቤት ነው። መመሪያዎቹ ግን የተጻፉት ለካዝናው ነው። የዚህ ደብዳቤ መነሻም ይኸው ነው፤ ቁጥጥሩ መድኃኒቱ ሲገባ ይጠብቃል፣ ሲወጣ ግን አይከተልም።

በተቋም ውስጥ ያለው አጠባበቅ በመሠረቱ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ከሌላው ተለይቶ ግድግዳ ላይ በተሰካ ወይም ሊነሣ በማይችል ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ ኃላፊነት በተሰጠው የፋርማሲ ባለሙያ እጅ ይሆናል። የሚሰጠው በልዩ የማዘዣ ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ለብቻው በተዘጋጀ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በኦፕራሲዮን ክፍል የተሰበረው የፔቲዲን አምፑል ባዶው ይመለሳል፤ ከአምፑሉ ግማሹ ብቻ ተወግቶ ግማሹ ከቀረ፣ የቀረው ሁለት ሰው ባለበት ፈስሶ ሁለቱም ይፈርማሉ። ይህ ፊርማ ትንሽ ነገር አይደለም። የመድኃኒት ስርቆት የሚጀምረው ከሙሉ ካርቶን ሳይሆን ማንም ከማይቆጥራት ከዚያች ግማሽ አምፑል ነው። አማራ ክልል በዚህ ረገድ ለአገር የተረፈ ልምድ አለው። ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት አሰጣጥ ሥርዓት የተጀመረው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች የተዛመተው።

የአየሩ ጠባይም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። የመንዝ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ መርፌዎች ደግሞ መርጋት የለባቸውም። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ በተቃራኒው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ አብዛኞቹ ኪኒኖች የተሠሩት ከዚያ በታች እንዲቀመጡ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ላሉ ሁለት ጤና ጣቢያዎች አንድ ዓይነት የማከማቻ መመሪያ መስጠት ስለዚህ በቂ አይሆንም። ቁም ሣጥኑ ደጋ ላይ ከውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ቆላ ላይ ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ ርቆ መቆም አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒቱ ጊዜው ሲያልፍ ነው። ጊዜው የሚያልፍባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ ጥቂት ወራት የቀረው መድኃኒት በብዛት ይላካል። የአእምሮ ጤናና የሚጥል በሽታ ሥልጠና የወሰደው ነርስ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር የሚያዝዘው ሰው ይጠፋና ኪኒኑ እንደታሸገ ይቀራል፤ ይህ በተለይ ደጋው ላይ የተለመደ ነው፣ ባለሙያ በብርዱና በመንገዱ ምክንያት ቶሎ ዝውውር ይጠይቃልና። ጊዜው ያለፈው መድኃኒት ከዚያ በኋላ መድኃኒት መሆኑ ቢቀርም የመንግሥት ንብረት መሆኑ አይቀርም። ከመዝገብ እንዲሰረዝ ስሙ፣ የባች ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ ዋጋውና የተበላሸበት ምክንያት በዝርዝር ተጽፎ ለተቆጣጣሪው አካል መቅረብ፣ ኮሚቴ መቋቋም፣ በታዛቢ ፊት መወገድና የምስክር ወረቀት መሰጠት አለበት። ሌላው መድኃኒት በዚህ መንገድ እያዘገመም ቢሆን ያልፋል። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ሲሆን ግን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይፈራል፤ አንድ ብልቃጥ ቢጎድል ኦዲተር ብቻ ሳይሆን ፖሊስም ይጠይቀዋል። ያለው አማራጭ መቆለፍና መጠበቅ ነው። አዲስ የተመደበው ፋርማሲስት በርክክብ ዕለት ቁም ሣጥኑን ሲከፍት የታችኛው መደርደሪያ ላይ የሚያገኘው በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ኤክስፓየርድ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች በየተራ የፈረሙባቸው የርክክብ ወረቀቶች ይገኛሉ። እሱም ይፈርማል፣ ይቆልፋል።

እንዲህ የተከማቸ መድኃኒት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ያለቦታው የመውጣት ዕድሉ ነው፤ ጊዜው ያለፈ ዲያዜፓም ሱስ የማስያዝ ኃይሉ በማለፊያው ቀን አይጠፋም። ሁለተኛው ደግሞ ጠባቡን ቁም ሣጥን ይሞላና በሥራ ላይ ያለው መድኃኒት ውጭ እንዲቀመጥ ያደርጋል።

በጦርነት ጊዜ አደጋው ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ሲደርስ በአማራ ክልል በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ባለሙያዎችም ተፈናቅለዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ እየዘጋ አቅርቦቱንም ክትትሉንም ያቋርጣል። ባለሙያ በችኮላ ጥሎት በሚወጣው ተቋም ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ሞርፊንና ዲያዜፓም መኖር አልነበረበትም። ጊዜው ያለፈውን በየወቅቱ ማስወጣት፣ ከሌላው ጥቅሙ በላይ፣ በክፉ ቀን ሊዘረፍ የሚችለውን መጠን ይቀንሳል።

ማስወገጃው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የተወለደው ከመጥፎ ልምድ ነው። ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ.፣ በቦስኒያ ጦርነት ጊዜና ማግስት፣ በዕርዳታ ስም የገባና የማይረባ ሆኖ የቀረው መድኃኒት 17,000 ቶን ያህል እንደሆነ ተገምቷል። መመሪያው ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በኃላፊ ባለሙያ ወይም በፖሊስ ፊት እንዲወገዱና ማንም ፈልቅቆ ሊጠቀምባቸው በማይችል መልክ እንዲጠፉ ያዝዛል። ኢትዮጵያም የራሷ የመድኃኒት ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ መመሪያ አላት። ጉድለቱ መመሪያው ደጋው ላይ የሚፈጸምበት መሣሪያ አለመኖሩ ነው።

በጤና ጣቢያዎች ግቢ የሚታየው በጡብ የተሠራ ማቃጠያ ለዚህ አይሆንም። የመድኃኒት ኬሚካል በሚገባ እንዲጠፋ ቢያንስ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስና ሁለት ክፍል ያለው ማቃጠያ ያስፈልጋል። መንዝ ዛፍ የራቀው አገር ነው፤ ከባሕር ዛፍ በቀር የሚነድ እንጨት ስለማይገኝ ቤቱ በአብዛኛው የሚሞቀው በኩበት ነው። በእርጥብ ባሕር ዛፍና በኩበት የተለኮሰ የጡብ ማቃጠያ ስሪንጅና ጥጥ ያቃጥል ይሆናል እንጂ ፌኖባርቢታልን አመድ ማድረጉ አያስተማምንም። የታሸጉ አምፑሎች ደግሞ እሳት ውስጥ ይፈነዳሉ፤ ማቃጠያውን ይሰነጥቃሉ፣ የሚቆሰቁሰውንም ሰው ዓይን ሊያጠፉ ይችላሉ። ገላጣ ጉድጓድ ውስጥ ማቃጠል ከዚህም የከፋ ነው፤ ግማሽ የተቃጠለ ብልቃጥ ከአመዱ ሥር ይቀራል፣ እረኞችም ጉድጓዱን ያውቁታል።

ለአነስተኛ መጠንና መኪና ለማይደርስባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በክረምት ከግሼዋ ራቤል ወዲያ ላሉ ቀበሌዎች፣ የተሻለው መንገድ በሲሚንቶ ማሰር ነው። ኪኒኑ ከማሸጊያው ይወጣል፣ ይፈጫል፤ ከዚያም በክብደት 65 እጅ መድኃኒት ከ15 እጅ ኖራ፣ 15 እጅ ሲሚንቶና 5 እጅ ውኃ ጋር ተለውሶ ይደርቃል። አምፑሎችና ፈሳሾች ሳይሰበሩ ወደ ንጹሕ የብረት በርሜል ይገባሉ፤ በርሜሉ ሦስት አራተኛው ሲሞላ በቀሪው ላይ በ15፣ በ15 እና በ5 የተመጠነ የኖራ፣ የሲሚንቶና የውኃ ልውስ ይፈስስበታል፣ አፉም ይበየዳል። የሚቀበርበት ጉድጓድ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ፣ የታጠረና የተመዘገበ መሆን አለበት። ከመንዝ ጓሳ ጀምሮ በዚያ ደጋ ላይ የሚፈልቀው ውኃ በምዕራብ በኩል በወንጭትና በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ስለሚወርድ፣ እዚያ ላይ የሚሠራ ስሕተት ከታች ላለ ብዙ ሰው ይተርፋል።

ለትልቁ ክምችት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ መሣሪያ በቅርብ ተተክሏል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ድንጋይን ወደ ክሊንከር ለመለወጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሲሚንቶ ምድጃን ለመድኃኒት ማስወገጃነት በስም ይጠቅሳል፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው መድኃኒት ከነዳጁ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ብቻ ያስጠነቅቃል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚገኘው በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ ነው። ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማን ገደል ወርዶ የወጣ መኪና የሚያገኘው ለሚን ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ጤና ተቋማት የዓመት ክምችት ቢደመር ለእንዲህ ያለ ምድጃ ኢምንት ነው። ይህን ዕድል አለመጠቀም ትልቅ ጥፋት ይሆናል።

ማጓጓዣውም ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የፍጆታ ሪፖርትና ጥያቄ ሞልተው ይልካሉ፤ በዚያ ቅጽ ላይ የተበላሸና ጊዜው ያለፈ መጠን የሚሞላበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መኪና መድኃኒት አራግፎ ሲመለስ ባዶውን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ በሁለት ሰው ፊርማ በታሸገ ሣጥን ጊዜው ያለፈውን ይዞ ቢመለስ፣ የመንዝና የግሼው ደብረ ብርሃን ላይ ተሰብስቦ፣ የመርሐቤቴው በቀጥታ ለሚ ሊደርስ ይችላል።

የቤቱ ጉዳይ ከተቋሙ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ መዝገብ የለም። በቀን አንድ የ100 ሚሊ ግራም ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የሁለት ወሩ ተሰጥቶት 60 ፍሬ ይዞ ይመለሳል። በአጠቃላይ 6 ግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ሐኪም በቀን የሚያዝዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው። ያ ሕፃን ከ60ዎቹ አሥር ፍሬ ቢውጥ ከቀን መጠኑ 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ወስዷል፤ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ለሞርፊን ናሎክሶን የተባለ ማርከሻ አለ፤ ለፌኖባርቢታል ግን ማርከሻ የለም። እንቅልፉ እስኪለቀው ብሎ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል፤ ልጁን ከነኪኒን ማሸጊያው ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

በመንዝ የድንጋይ ቤት ውስጥ ኪኒን የሚቀመጥበት ቦታ በአብዛኛው ሁለት ነው፤ ወይ በግድግዳው ሽንቁር ይሸጎጣል፣ ወይ በፌስታል ተቋጥሮ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ሽንቁሩ መደቡ ላይ ለቆመ የአራት ዓመት ልጅ እጅ ይደርሳል፤ ምሰሶው ደግሞ ከምድጃው ጢስና እንፋሎት አያመልጥም፣ ኪኒኑ ይረጥባል፣ ይፈረፈራል። ብዙ ቤት ግን የክት ልብስና የመሬት ደብተር የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሣጥን አለው። የፌኖባርቢታል ቦታ እዚያ ነው፤ ከነብልቃጡ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቁልፉም መድኃኒቱን በሚሰጠው አዋቂ አንገት ላይ። ይህን ለቤተሰቡ መንገር የፋርማሲ ባለሙያው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር «መድኃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ በዓይኗ ማየት አለባት።

ቤት ውስጥ የሚተርፈው መድኃኒት ከሁለት ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው ሕክምናን ማቋረጥ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን የሚያቆም አለ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ግን ያለማቋረጥ የሚደጋገም የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር ማስኬድ እንደሚቻል ቤተ ክርስቲያን ራሷ ያስተማረችበት ጊዜ አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለሚጥል በሽታም እንዲደገም የጠበል ቦታ አባቶችን ማነጋገር የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛው ሞት ነው። በካንሰር የታመመ ሰው ቤቱ ሆኖ የሚወስደው ሞርፊን ሲሞት ይተርፋል፤ ለቅሶው ላይ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ብልቃጡን የሚያስታውሰው ግን የለም። ወገቡን ያመመው ዘመድ ቢያገኘው «ለሕመም ነበር የሚሰጠው» ተብሎ ይሰጠዋል። ሞርፊንን ለምዶ ለማያውቅ ሰውነት፣ የካንሰር ሕመምተኛ የደረሰበት መጠን መርዝ ነው።

የተረፈው መሄድ ያለበት ወደ መጣበት ነው። ፖርቱጋል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ የማያስፈልገውን መድኃኒት ወደ ፋርማሲ የሚመልስበት ሥርዓት አላት፤ አሜሪካም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተረፈ መድኃኒት የሚሰበሰብበትን ቀን በየዓመቱ ታውጃለች። በደጋው ላይ ለዚህ የሚሆነው ቀን የታወቀ ነው፤ የገበያ ቀን። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ በገበያ ቀን ጤና ጣቢያው ደጃፍ ከላይ የሚያስገባ እንጂ የማያስወጣ፣ የተቆለፈ ሣጥን ቢኖር፣ ሰው ገበያ ሲወጣ ይዞት ይመጣል። የሚመልስ ሰው ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ አይገባም። ከተጠየቀ ሁለተኛ አይመጣም፤ ወሬውም ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

መመለስ ለማይቻልበት ቤት ሁለተኛው መንገድ ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ ከአመድና ከእበት ጋር ማደባለቅ፣ በማይረባ ዕቃ ማሰር፣ ከከብት፣ ከውሻና ከምንጭ ርቆ በጥልቅ መቅበር ነው። ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት ይቀደዳል። ምድጃ ውስጥ መጣል አይገባም፤ ጢሱ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ያደረው ቤተሰብ ይተነፍሰዋል። ለከብት መስጠትም ሆነ «ለእኔ የሠራ ለእሱም ይሠራል» ብሎ ለጎረቤት ማካፈል የተከለከለ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ፍርሃት አለ፤ እሱም የደብዳቤው ጸሐፊዎች የሚጋሩት ፍርሃት ነው። ስለ አደጋው የተነገረው ሁሉ ጤና ጣቢያዎች ፌኖባርቢታል እንዳያዝዙ፣ ሆስፒታሎችም ሞርፊን እንዳይጠይቁ ምክንያት ከሆነ ጥፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በዓለም ላይ ያለው ሞርፊን አብዛኛው የሚወሰደው በጥቂት ሀብታም አገሮች ሲሆን፣ በአፍሪካ ብዙ ሕሙማን ሕመማቸው ሳይታገስ ይሞታሉ። የ1961ዱ ስምምነትም እነዚህ መድኃኒቶች ለሕመም ማስታገሻ እጅግ አስፈላጊ መሆናቸውንና እንዳይጠፉ መደረግ እንዳለበት በመግቢያው ያስቀምጣል። ቁልፉ መጥበቅ ያለበት ሌባ ላይ ነው፤ ከግሼ ተራራ በእግሩ ወርዶ ኪኒኑ አልቋል ተብሎ የሚመለስ ሕመምተኛ ላይ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው የሚከተለው ነው። ባለሥልጣኑ ለናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች መወገጃ አጭር ሂደት አውጥቶ፣ የዞኑ ተቆጣጣሪ፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያና አንድ የፖሊስ ተወካይ ባሉበት እንዲፈጸም ውክልና ይስጥ፤ ባግባቡ ያስረከበ ኃላፊም ከተጠያቂነት ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ። የክልሉ ጤና ቢሮ ከለሚ ፋብሪካ ጋር ውል ይዋዋል፤ የመጀመሪያውንም ማስወገድ ከመጪው ክረምት በፊት ያካሂድ። የዞኑ ጤና መምሪያ በእያንዳንዱ ወረዳ ጤና ጣቢያ ያለውን ጊዜው ያለፈ ክምችት በአንድ ወር ውስጥ ያስቆጥር፣ ለሩቅ ቀበሌዎች ሲሚንቶ፣ ኖራና በርሜል ይመድብ፣ የመመለሻ ሣጥኖቹንም በገበያ ከተሞቹ ጤና ጣቢያዎች ደጃፍ ያስተክል።

ግልባጭ
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለመንዝ ጌራ ምድር፣ ለመንዝ ማማ ምድር፣ ለመንዝ ላሎ ምድር፣ ለመንዝ ቀያ ገብርኤል፣ ለግሼ ራቤልና ለመርሐቤቴ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች